ወይን ጠጇ መስመርና የአብራሪው እጅ



ስለ አውሮፕላን አነሣስ ለመነጋገር ከልደታ የተሻለ ሰፈር አይገኝም። መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም. የኢትዮጵያ አየር መንገድ የመጀመሪያ በረራውን በአሥመራ በኩል ወደ ካይሮ ሲያደርግ የተነሣው ከዚሁ ከልደታ ሜዳ ነበር። አውሮፕላኖቹ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት የተረፉ ባለ ሁለት ሞተር ሲ-47ቶች ናቸው። በኮክፒታቸው ውስጥ የፍጥነት መለኪያ፣ የከፍታ መለኪያ፣ የአድማስ ማሳያና ኮምፓስ ነበር፤ አፍንጫውን ምን ያህል ቀና አድርግ ብሎ የሚያዝ መሣሪያ ግን አልነበረም። ያን አብራሪው በራሱ ማወቅ ነበረበት። ከዐሥር ዓመት በላይ ቆይቶ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ዋና አብራሪ የሆኑት ካፒቴን ዓለማየሁ አበበም ያደጉት በዚሁ ዓይነት ኮክፒት ነው። በ1955 ዓ.ም. ቦይንግ 720 ቢ ጄቶች ሲመጡ የልደታ ሜዳ አልበቃቸው ብሎ ሥራው ወደ ቦሌ ተዛወረ፤ ለዚህ አካባቢ ኦልድ ኤርፖርት የሚለው ስም ተረፈለት። ይህን ያነሣሁት ያን ዘመን ለማወደስ አይደለም። የያኔው በረራ ከዛሬው ጋር ሲተያይ በብዙ እጥፍ አደገኛ ነበር፤ አደጋውን ካቀለሉት ነገሮች አንዱም ዛሬ የምሞግተው መሣሪያ ራሱ ነው። የምከራከረው ለአንድ ነገር ነው፦ አውሮፕላን በሚነሣበት ሰዓት የኮክፒት ኮምፒውተር የሚያሳየው መንገድ ምክር እንጂ ትእዛዝ አይደለም፤ ምክሩን መመዘን የሚችለው ደግሞ ያለ ምክሩም ማንሣት የሚችል አብራሪ ነው፤ ይህ ችሎታ በየጊዜው ካልተሠራበት ስለሚዝግ አየር መንገዶች መሪ መስመሮቹን አጥፍቶ መነሣትን መደበኛ ልምምድ ሊያደርጉት ይገባል።

መጀመሪያ ነገሩ እንዴት እንደሚሠራ እንይ፤ ምክንያቱም ብዙ መንገደኛ አውሮፕላኑ ራሱ የሚነሣ ይመስለዋል። አይነሣም። አውቶፓይለት በጭጋግ ውስጥ እንኳ ማሳረፍ ይችላል፤ በመደበኛ የመንገደኛ በረራ ማንሣት ግን እስካሁን የሰው እጅ ሥራ ነው። ቦይንግ 737ን ብንወስድ፣ አብራሪው የመነሻ ቁልፉን ሲጫን ኮምፒውተሩ የሞተሮቹን ግፊት ያስተካክላል፤ በፊቱ ባለው ማሳያ ላይም ፍላይት ዳይሬክተር የሚባሉት ሁለት ወይን ጠጅ መስመሮች ይመጣሉ። አግዳሚዋ ወደ ላይና ወደ ታች፣ ቋሚዋ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ትመራለች። አውሮፕላኑ ሲንደረደር 60 ኖት ላይ አግዳሚዋ ብድግ ብላ 15 ዲግሪ ቀና በል ትላለች። 80 ኖት ሲሆን አንደኛው አብራሪ ፍጥነቱን ጮክ ብሎ ይጠራል፤ ሌላው በራሱ ማሳያ አመሳክሮ ይመልስለታል። ከዚያ ቪ-ዋን ይባላል፤ ከዚህ ፍጥነት በኋላ መነሣቱ አይቋረጥም፤ ከዚያ ሮቴት፣ ማለትም አንሣ። አብራሪው መሪውን ወደ ራሱ እየሳበ በሰከንድ ከ2 እስከ 2 ዲግሪ ተኩል በሆነ ርጋታ አፍንጫውን ወደ 15 ዲግሪ ገደማ ያነሣል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ልብ የማይለው ነገር አለ። የቦይንግ የራሱ የሥልጠና መጽሐፍ አፍንጫው በሚነሣበት በዚያ ቅጽበት አግዳሚዋን መስመር አትከተሉ ይላል። መስመሯ የምታሳየው መድረሻውን ነው፤ በምን ያህል ፍጥነት መድረስ እንዳለበት አታሳይም። በ737-800 ጎማው መሬት ሳይለቅ አፍንጫው 11 ዲግሪ ገደማ ከደረሰ ጅራቱ ማኮብኮቢያውን ይመታል፤ መስመሯን ለመያዝ የተቻኮለ አብራሪ የሚከፍለው ዋጋ ይኸው ነው። እንግዲህ መሪ መስመር የምንለውን የሠራው ድርጅት ራሱ ወሳኝ በሆነው ሰከንድ ላይ ዐይናችሁን ወደ ተራው የአድማስ ማሳያ መልሱ ብሏል ማለት ነው።

ቦሌ ላይ ይህ ችሎታ ይበልጥ ይፈተናል። ማኮብኮቢያው ከባሕር ወለል በላይ 2,334 ሜትር ላይ ነው፤ አየሩ በባሕር ጠረፍ ካለው በሩብ ያህል የሳሳ ነው። የሳሳ አየር የሞተሩንም ግፊት የክንፉንም የማንሣት ጉልበት ይቀንሳል፤ በመለኪያው ላይ ያው ቁጥር ቢነበብም አውሮፕላኑ በመሬት ላይ የሚሮጠው ግን ከባሕር ጠረፉ በብዙ ፈጥኖ ነው። ለዚህም ነው ከ3,700 ሜትር ያላነሰ ማኮብኮቢያ የተዘረጋው። በሰሜን እንጦጦ አለ። ስለዚህ ከቦሌ የሚነሣ አብራሪ ለስሕተት ያለው ሕዳግ ጠባብ ነው፤ ማሳያው ቢያሳስተው ለማረም የሚተርፈው ጊዜም እንዲሁ።

ይህን ያህል ካልን ወደ መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. መሄድ ግድ ይሆናል። ዕለቱ እሑድ ነበር፤ በወሩ አንደኛ ቀን የምትታሰበው የልደታ ዕለትም ነበር። የኢትዮጵያ አየር መንገድ የበረራ ቁጥር 302፣ ቦይንግ 737 ማክስ 8፣ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ከ38 ላይ 157 ሰዎችን ይዞ ወደ ናይሮቢ ከቦሌ ተነሣ። አውሮፕላኑ መሬት በለቀቀ በጥቂት ሰከንዶች ውስጥ በግራ በኩል ያለው፣ ክንፉ ነፋሱን የሚቀበልበትን ማዕዘን የሚለካው መሣሪያ ሐሰት መናገር ጀመረ፤ የቀኙ 15 ዲግሪ ገደማ ሲያሳይ ግራው ከ74 ዲግሪ በላይ አሳየ። ከዚያች አንድ መሣሪያ ስሕተት ብዙ ስሕተት ተወለደ። የዋናው አብራሪ መሪ መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ ይህም አውሮፕላኑ ሊወድቅ ነው የሚል ማስጠንቀቂያ ነው። የፍጥነትና የከፍታ ንባቡ ከረዳት አብራሪው ጋር ተለያየ። የግራው አግዳሚ መስመርም ከቀኙ ጋር ተለያየች፤ በአንድ ኮክፒት ውስጥ ሁለት መሪ መስመሮች ሁለት የተለያየ ነገር አዘዙ ማለት ነው። ዋናው አብራሪ አውቶፓይለት እንዲያዝ ሞከረ፤ አልያዘም፤ በሦስተኛው ሙከራ ያዘና ግማሽ ደቂቃ ያህል ቆይቶ ለቀቀ። በዚያች ግማሽ ደቂቃ መነሻ ላይ የሚዘረጉት የክንፍ ፍላፖች ታጥፈዋል። አውቶፓይለቱ በለቀቀ በሰከንዶች ውስጥ ኤምካስ የተባለው ሥርዓት ተነሥቶ አፍንጫውን ወደ ታች ደፋው፤ ለ9 ሰከንድ ያህል። 6 ደቂቃ ሳይሞላ ጊምቢቹ ወረዳ ቱሉ ፋራ ላይ ነገሩ አበቃ።

ከዚህ አደጋ ብዙ ተከራካሪ የየራሱን ማስረጃ ወስዷል፤ ትርጉሙ ግን እንደሚባለው ቀላል አይደለም። ኤምካስ የተሠራው አውቶፓይለት ሲጠፋና ፍላፖቹ ሲታጠፉ ብቻ እንዲነቃ ሆኖ ነው። በሌላ አነጋገር በዚያ አውሮፕላን ላይ በእጅ ማብረር የሚባለው ሁኔታ አብራሪው የማያየው ኮምፒውተር እንዲሠራ የተፈቀደበት ሁኔታ ነበር። ስለዚህ በእጁ ቢያበር ኖሮ ይተርፍ ነበር የሚለው አባባል ከመነሻው ያነክሳል፤ እጁ ብቻውን አልነበረምና። ከአሜሪካ ወገን ደጋግሞ የተሰማው ክርክር የሠለጠነ አብራሪ ቢሆን ሁኔታውን ይቆጣጠረው ነበር የሚል ነው። የኢትዮጵያ አደጋ መርማሪ ቢሮ የመጨረሻ ሪፖርቱን በታኅሣሥ 2015 ዓ.ም. ሲያወጣ ጥፋቱን በዋናነት በኤምካስ ላይ አደረገ፤ የአሜሪካና የፈረንሳይ መርማሪዎች ደግሞ ሪፖርቱ የሠራተኞቹን ርምጃ በበቂ አልመረመረም ብለው አስተያየታቸውን ለብቻ አወጡ። ሁለቱም ወገኖች እውነት የሚነኩበት ቦታ አለ። የፍጥነት ንባብ አልታመን ሲል የሚነበበው የ737 የአደጋ ጊዜ መመሪያ መጀመሪያ የሚያዘው አውቶፓይለቱን፣ የሞተር ግፊት ተቆጣጣሪውንና መሪ መስመሮቹን በሙሉ አጥፋ ብሎ ነው፤ በዚያ ጠዋት ግን የሞተሩ ግፊት በመነሻ ልኩ እንዳለ ቀረ፤ ፍጥነቱም ከተፈቀደው 340 ኖት አለፈ። ይህ አይካድም። በሌላ በኩል ግን ያ ፍጥነት ሲበረታ የጅራት ማስተካከያውን ጎማ በእጅ ማዞር የሚጠይቀው ጉልበት ከሰው አቅም በላይ ሆነ፤ ሠልጣኞች የሚለማመዱበት ሲሙሌተርም ያንን ክብደት በትክክል እንደማያሳይ ቦይንግ ራሱ ያመነው ከአደጋው በኋላ ነው። ከአምስት ወር ባነሰ ጊዜ ቀደም ብሎ በኢንዶኔዥያ የላየን ኤር ማክስ 8 ወድቆ 189 ሰዎች እስኪሞቱ ድረስ ኤምካስ የሚባል ነገር ስለመኖሩ ለአብራሪዎች በመመሪያ መጽሐፋቸው አልተነገራቸውም ነበር። ያልተነገረህን ነገር በችሎታህ አሸንፍ ማለት ፍርድ አይደለም። የእጅ ማብረር ልምምድን የምደግፈው ብልሹ ዲዛይን ኀላፊነቱን በሟች አብራሪ ላይ እንዲጥል ሰበብ እንዲሆነው አይደለም፤ ይህን ቀድሜ መናገር ይገባኛል፤ ክርክሩ ብዙ ጊዜ ለዚህ ዓላማ ሲውል ስለሚታይ ነው።

ታዲያ ልምምዱ ምን ይጠቅማል? አግዳሚዋ መስመር የምታሳየው ነገር ከየት እንደሚመጣ ስናስብ መልሱ ይገኛል። መስመሯ የራሷ ዐይን የላትም፤ ከአፍንጫው አጠገብ ያሉ ቱቦዎችና ጥቃቅን ክንፎች የሚነግሯትን አስልታ ታቀርባለች። ቱቦው ሲዘጋ ወይም ክንፏ ስትሰበር መስመሯ አትጠፋም፤ በዚያው መተማመን የተሳሳተውን መንገድ ታሳያለች። በ1988 ዓ.ም. በዶሚኒካን ሪፐብሊክ ከፖርቶ ፕላታ የተነሣው የቢርገንኤር አየር መንገድ ቦይንግ 757 በትክክል ይኸ ደረሰበት። የዋናው አብራሪ ፍጥነት መለኪያ እንደማይሠራ ገና በመንደርደር ላይ ሳሉ ታወቀ፤ በረራው ግን ቀጠለ፤ አውቶፓይለቱ ከዚያው ከተበላሸው መለኪያ እያነበበ ፍጥነት በዛ ብሎ አፍንጫውን አነሣ፤ አውሮፕላኑ ፍጥነት አጥቶ ባሕር ገባ፤ 189 ሰዎች ሞቱ። የረዳት አብራሪው መለኪያ ደኅና ነበር። በ2001 ዓ.ም. አትላንቲክ ላይ የወደቀው የኤር ፍራንስ 447 የጋለ ክርክር ያስነሣው በሌላ ምክንያት ቢሆንም፣ በረዶ የዘጋቸው ቱቦዎች ንባቡን ሲያዘባርቁ መሪ መስመሮቹ እየጠፉ ተመልሰው በመምጣት አፍንጫ አንሣ እያሉ እንደነበር መርማሪዎቹ ጽፈዋል። በእነዚህ ሁሉ ውስጥ አብራሪውን የሚያድነው የማይዋሹ ሁለት ነገሮችን ይዞ መቆየት ነው፦ የአፍንጫ ማዕዘንና የሞተር ግፊት። ከላይ የጠቀስኩት የ737 መመሪያ ይህንኑ በቁጥር አስቀምጦታል። ፍላፕ ተዘርግቶ ከሆነ 10 ዲግሪና 80 በመቶ፤ ታጥፎ ከሆነ 4 ዲግሪና 75 በመቶ። እነዚህን አራት ቁጥሮች መሸምደድ የአንድ ከሰዓት ሥራ ነው። መሪው እየተንቀጠቀጠ፣ ማስጠንቀቂያው እየጮኸ፣ ወይን ጠጇ መስመር በተቃራኒው እየጠራች ሳለ ከመስመሯ ዐይንን ነቅሎ እነዚያን ቁጥሮች መያዝ ግን በልምምድ ብቻ የሚመጣ ነው። ዕድሜ ልኩን በስልኩ ካርታ ሲነዳ የኖረ የራይድ ሹፌር ሜክሲኮ አደባባይ ላይ ስልኩ ቢጠፋበት ጦር ኃይሎች በየት በኩል እንደሆነ ሊጨነቅ ይችላል፤ መንገዱን በየቀኑ ቢያልፍበትም ራሱ መርጦት አያውቅምና።

አሁን ትልቁን ተቃውሞ እንመልከት፤ እሱም ከራሳችን ቤት ነው የሚመጣው። ጥር 17 ቀን 2002 ዓ.ም. ሌሊት ከቤይሩት የተነሣው የበረራ ቁጥር 409፣ 737-800፣ 90 ሰዎችን ይዞ በደቂቃዎች ውስጥ ሜዲትራኒያን ባሕር ውስጥ ወደቀ። የሊባኖስ መርማሪዎች በ2004 ዓ.ም. ባወጡት ሪፖርት ሠራተኞቹ ፍጥነቱን፣ ከፍታውን፣ አቅጣጫውንና የአውሮፕላኑን አቋም በአግባቡ አልመሩም፤ መሪው ላይ ያሳረፉት ርምጃም እርስ በርሱ የሚጣረስ ነበር፤ ሁለቱ አብራሪዎችም እርስ በርስ አልተደጋገፉም አሉ። አየር መንገዱ ይህን አልተቀበለም፤ በአውሮፕላኑ ላይ ፍንዳታ ደርሷል የሚል አቋም ያዘ። የሊባኖስን ሪፖርት እንደ ወረደ ብንወስደው እንኳ ተቃዋሚው ጥሩ ጥያቄ አለው። ያ አውሮፕላን በእጅ እየበረረ ነበር፤ አውቶፓይለቱ አልተያዘም። ውጭው ጨለማ ባሕርና ነጎድጓድ ነው፤ የሰው የውስጥ ጆሮ በዚያ ሁኔታ መዞሩንና መቃናቱን አይለይም። አውቶፓይለት በ400 ጫማ ላይ ቢያዝ ኖሮስ? እንግዲህ የእጅ ማብረር ደጋፊ ምን ይላል?

እኔ የምለው ይህ ነው፤ በዚያ ሌሊት አውቶፓይለቱን መያዝ ትክክል ይሆን ነበር። ለእጅ ማብረር የሚከራከር ሰው ሁል ጊዜ በእጅ ይበረር ማለት የለበትም፤ እንዲህ የሚል ካለ ቤይሩት ይመልስለታል። ነገር ግን ሪፖርቱ የገለጠው ችግር መሣሪያ መተው አልነበረም። የአድማስ ማሳያው ፊት ለፊት ነበር፤ አቅጣጫውም ከመቆጣጠሪያ ማማ ይነገር ነበር። የተሳነው ያንን ማሳያ በእርጋታ አንብቦ በእጅ መተርጎም ነው። ይህ ችሎታ በደረቅና ብሩህ ቀን፣ ሳይቸኩሉ፣ ደጋግሞ ካልተሠራ በጨለማና በማዕበል ውስጥ ድንገት አይገኝም። በሌላ አነጋገር የቤይሩት ምሳሌ ልምምድን የሚቃወም ሳይሆን ልምምዱ በየትኛው ቀን መደረግ እንዳለበት የሚያስተምር ነው። አውቶፓይለቱ ለክፉ ሌሊት፣ እጁ ደግሞ ለመልካም ጠዋት ይሁን፤ ክፉው ሌሊት አውቶፓይለቱን ራሱን ይዞ የሄደ እንደሆነ እጁ ዝግጁ እንዲገኝ።

በዚህ ላይ ምንም መስመር የማይመራበት አነሣስም አለ። መስከረም 5 ቀን 1981 ዓ.ም. ከባሕር ዳር ወደ አሥመራ የተነሣው 737-200 የእርግብ መንጋ ገብቶበት ሁለቱም ሞተሮቹ ተጎዱ። ሠራተኞቹ አዙረው ወደ ሜዳው ለመመለስ ሲሞክሩ ሞተሮቹ ጉልበት አጡ፤ አውሮፕላኑ ጎማ ሳያወርድ መሬት ላይ ተኛ፤ እሳትም ተነሣ። ከ104 ሰዎች 35 ሞቱ፤ 69 ተረፉ። ለዚያ ዓይነት ቀን ኮምፒውተር የሚያሰላው መንገድ የለም፤ አፍንጫው ምን ያህል ይደፋ፣ ፍጥነቱ እስከ የት ይውረድ የሚለው በአብራሪው እጅ ላይ ነው።

ሁለተኛው ተቃውሞ የዘመኑን አሠራር ይጠቅሳል። ትልልቅ ከተሞች የመነሻ መንገዳቸውን በሳተላይት አስምረውታል፤ ከመስመሩ ጥቂት መውጣት ከሌላ አውሮፕላን ጋር ያቀራርባል፤ አንዱ በእጁ ሲያበር የሌላው የሥራ ጫና ይጨምራል፤ ሬዲዮው፣ የፍተሻ ዝርዝሩ፣ የአየር ሁኔታው ሁሉ በእሱ ላይ ይወድቃል። ይህ እውነት ነው፤ ለዚህም ነው ለንደን ወይም ዱባይ ላይ መስመሮቹን አጥፉ የማይባለው። አዲስ አበባ ጠዋት ጠርታ፣ ሰማዩ ሳይጨናነቅ፣ ሁለቱም አብራሪዎች ዕረፍት አግኝተው ሲነሡ ግን ይቻላል። ይህ የኔ ፈጠራ አይደለም። የአሜሪካ ፌዴራል አቪዬሽን አስተዳደር በታኅሣሥ 2005 ዓ.ም. ለአየር መንገዶች ባወጣው ማሳሰቢያ የበረራ መረጃ ሲመረመር በእጅ ማብረር ላይ የሚሠሩ ስሕተቶች መብዛታቸውን ጠቅሶ፣ ሁኔታው ሲፈቅድ በእጅ ማብረርን አበረታቱ ብሏል፤ በ2015 ዓ.ም. ደግሞ ሰፋ ባለ መመሪያ ደግሞታል። ምክር እንጂ ግዴታ ባለመሆኑ ግን አፈጻጸሙ ለየአየር መንገዱ ፈቃድ ተትቷል።

ሦስተኛው ተቃውሞ ደግሞ ጥቂት ዓመት ታገሡ፣ መነሣትም የማሽኑ ሥራ ይሆናል ይላል። ኤርባስ በታኅሣሥ 2012 ዓ.ም. ቱሉዝ ላይ ኤ350-1000 አውሮፕላኑን በካሜራ ማኮብኮቢያውን እያየ ራሱን እንዲያነሣ አድርጎ አሳይቷል፤ አብራሪዎቹ እጃቸውን ከመሪው አንሥተው ተቀምጠው ነበር። ድንቅ ነው። ግን ልብ በሉ፤ ተቀምጠው ነበር። ማሽኑ ሲሳሳት የሚረከበው ያው ሰው ነው፤ ማሽኑ ብዙ ሥራ በወሰደ ቁጥር የሚረከበው ሰው የሚለማመድበት ጊዜ ያንሳል። ይህ ሙግት መጀመሪያ የነበረውን ጥያቄ ያጠናክረዋል እንጂ አይፈታውም።

የሚቀረው የአፈጻጸም ጉዳይ ነው፤ እንቅፋቱም ከሚጠበቀው ቦታ አይደለም ያለው። ሲሙሌተር አለ፤ ቦሌ ያለው የአየር መንገዱ ማሠልጠኛ ተቋም በአፍሪካ ከሚጠቀሱት አንዱ ነው። እንቅፋቱ ያለው በመረጃ መዝገቡ ነው። የዛሬ አውሮፕላን እያንዳንዱን በረራ ይመዘግባል፤ ፍጥነት ከልክ በ5 ኖት ቢያልፍ፣ አፍንጫ ከልክ በ2 ዲግሪ ቢያንስ ኮምፒውተሩ ምልክት ያደርጋል። መስመሮቹን ይዞ የሚነሣ አብራሪ ገበታው ንጹሕ ይሆናል፤ አጥፍቶ የሚለማመደው ምልክት ይበዛበታል፤ ስለዚህ አለቃው እንዳይጠራው የሚሰጋ ሰው መስመሮቹን አያጠፋም። ተገቢው አሠራር አብራሪው ከበረራው በፊት ዛሬ ያለ መሪ መስመር እነሣለሁ ብሎ እንዲያስመዘግብ፣ የዚያ በረራ ምልክቶችም ለአስተማሪ እንጂ ለዲሲፕሊን ክፍል እንዳይሄዱ ማድረግ ነው። በየስድስት ወሩ በሲሙሌተር በሚደረገው ፈተና ላይም አንድ የቦሌ አነሣስ፣ በመንደርደሩ መሐል የግራው መለኪያ ተበላሽቶና የግራው መስመር ተሳስታ፣ ያለ ማስጠንቀቂያ ይጨመር። ፈታኙ የሚመዘግበው አብራሪው ዐይኑን ከመስመሯ ለማንሣት ስንት ሰከንድ እንደፈጀበት፣ ሌላው አብራሪ ደግሞ የቀኙን ንባብ ጮክ ብሎ መጥራቱን ይሁን።